ድንኳን ያልተተከለለት ለቅሶ

ለሞተ ሰው ሥርዓት አለው። ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛው ወንበሩንና ድስቱን ይዞ ይደርሳል፤ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ እየተባለ ኀዘኑ ቀን ይቆረጥለታል። በሕይወት እያለ ለተለየን ሰው ግን ማን ድንኳን ተከለ? ማንስ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ደጃችን መጣ? እትዬ፣ የክርስትና እናቴ፣ አንቺ እኮ አልሞትሽም። እዚሁ ዋሽንግተን ዳር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከእኛ ቤት ብዙም በማይርቅ ቤት ትተኚያለሽ፣ ትነሺያለሽ። እኔ ግን አለቅስልሻለሁ።

ናፈቅሽኝ። በሩን ሳታንኳኪ ከፍተሽ «ቤቶች!» እያልሽ መግባትሽ ናፈቀኝ። ከነጠላሽ ላይ የሚሸተኝ ዕጣን ናፈቀኝ። ከእናቴ ጋር ወጥ ቤት ገብታችሁ፣ እኔ እንዳልሰማ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ስታወሩ ቆይታችሁ በድንገት የምትስቁት ሳቅ፣ እሱ ከሁሉም ይበልጥ ናፈቀኝ። ከተለያያችሁ ወዲህ እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

አበልጆች ነበራችሁ። በሰማንያ ቀኔ ከጥምቀቱ ውኃ ተቀብለሽ ያቀፍሽኝ አንቺ ነሽ። ካህኑ ማተቤን ሲያስርልኝ በእጅሽ ላይ ነበርኩ። እኔ አፍ ሳልፈታ ስለ እኔ ሃይማኖቴን የመሰከርሽው አንቺ ነሽ። የሥጋ ዘመድ ሳይመርጡት ይመጣል፤ አበልጅ ግን ተመርጦ፣ በታቦቱ ፊት ተቆሞ የሚገባበት ዝምድና ነው። የአንቺ ልጆችና እኛ እንደ ወንድምና እኅት ስለምንቆጠር ጋብቻ እንኳ አይታሰብም። እንዲህ ያለው ዝምድና ይፈርሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ደግሞም ማኅበሩ ነበር። በየወሩ በ21 የእመቤታችንን ጽዋ ትጠጡ ነበር። ቀኑ የሥራ ቀን ላይ ሲውል ወደ ቅዳሜ ይገፋል፤ ስደት ነውና። ጌሾው ከአገር ቤት በሰው ተልኮ ይመጣል፤ ጠላው ቤዝመንት ውስጥ በፕላስቲክ በርሜል ይጠነሰሳል፤ ኮባ የለምና ድፎው በፎይል ተሸፍኖ በኦቨን ይጋገራል። ጽዋው ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ ከመኪናሽ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና ቀበቶ ይታሰርለታል። እኔ እንዳያዘነብል በሁለት እጄ እደግፈዋለሁ። አንቺ ትነጃለሽ፤ እናቴ ከጎንሽ ሆና «ቀስ በይ፣ እመቤቴን ይዘሽ እኮ ነው» ትልሻለች።

የማኅበሩ ሕግ ደግሞ የታወቀ ነበር። የተኮራረፉ ሰዎች ካሉ መጀመሪያ ይታረቃሉ። የማኅበሩ መሪ የሆነችው ሙሴ ሁለቱን ጓዳ አስገብታ ታነጋግራለች፤ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ዳቦው ሳይቆረስ ይቆያል። እኛ ልጆች ዳቦው ላይ ዓይናችንን ተክለን፣ ሆዳችን እየጮኸ፣ ትልልቆቹ ይቅር እስኪባባሉ እንጠብቅ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ዓይናቸውን እየጠረጉ ከጓዳ ሲወጡ እልልታው ይቀልጣል። ያ ዳቦ የሚጣፍጠውን ያህል እስከ ዛሬ የጣፈጠኝ እህል የለም።

እና በመካከላችሁ እንዴት ገባ ይሄ ቅናት? ብዙ ቀን አስቤዋለሁ። ምናልባት አንቺ ቤት የገዛሽ ጊዜ ይሆናል፤ እኛ ያን ጊዜ ገና በኪራይ አፓርታማ ነበርን። ምናልባት ወንድሜ በነፃ የትምህርት ዕድል ኮሌጅ ሲገባ፣ ያንቺ ልጅ ደግሞ ትምህርቱን ያቋረጠ ጊዜ ይሆናል። ወይም ከዚያ ባነሰ ነገር። አንድ ማኅበርተኛ ከሁለታችሁ የአንዷን ዳቦ አንስታ «እንደ እሷማ ማን ይጋግራል» ያለች ቀን ይሆናል። ክፉ አስባ አልነበረም፤ ማመስገኗ ነበር።

የሳኦልም ነገር በምስጋና ነው የጀመረው። ሴቶቹ ከበሮ ይዘው እየዘፈኑ የወጡት ድል ስለ ሆነ ነው፤ ለሳኦል ሺህ ለዳዊት እልፍ ብለው ሲቆጥሩ ንጉሣቸውን ለማስቀየም አልነበረም። ሕዝቡ ሁሉ ከጎልያድ ድኖ ነበር፤ ሳኦልም ራሱ ድኖ ነበር። እሱ ግን ደስታውን ጥሎ ቁጥሩን ይዞ ቤቱ ገባ። ከዚያች ቀን ወዲያ ዳዊትን የሚያይበት ዓይን ተለወጠ። እኔን የሚያስለቅሰኝ ደግሞ ጦሩን የወረወረበት ሰዓት ነው። ዳዊት በገና እየደረደረለት ነበር። ክፉው መንፈስ ሲያስጨንቀው የሚያሳርፈው ያ ብላቴና፣ ያ በገና ነበር፤ እሱ ግን ሊወጋ የተነሣው ያንኑ ነው። እትዬ፣ እናቴ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ እግሯ አብጦ ስትመጣ በሞቀ ውኃና በጨው የምታጥቢላት አንቺ አልነበርሽም? አንቺስ እናትሽ አገር ቤት ሞታ መሄድ ባልቻልሽ ጊዜ መሬት ላይ አብራሽ ያደረችው እሷ አልነበረችም? ታዲያ በዚህ በባዕድ አገር እርስ በርስ ከተጣላችሁ ማን ቀረላችሁ?

ከሁለታችሁ ማን ጀመረው የሚለውን ትቼዋለሁ። ልጅ ነኝ፤ በሁለት እናቶች መካከል ዳኛ ልሆን አልችልም። ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ። መጀመሪያ ሰላምታችሁ አጠረ። የዮሴፍ ወንድሞች እሱን ወደ ጉድጓድ ከመጣላቸው፣ በሃያ ብር ከመሸጣቸው በፊት የደረሰባቸው ይኸው ነበር፤ ከወንድማቸው ጋር የሰላም ቃል መነጋገር ተሳናቸው። ጉድጓዱ በኋላ የመጣ ነው። እናንተም ደጅ ላይ ቆማችሁ «እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ» የምትባባሉት ቀርቶ አንዲት «ሰላም» ሆነ፤ እሱም ቀርቶ ራስ መነቅነቅ ሆነ። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ የይሁዳን መሳም እያሰብን ሰላምታ እንተው የለም? መስቀል አንሳለምም፣ ጉንጭ አንሳሳምም። ያ ግን የአንድ ሳምንት ነው፤ በትንሣኤ ሌሊት እንሳሳማለን። የእናንተ ሕማማት ፋሲካ አጣ። ጲላጦስ እንኳ፣ ያ አረማዊ ገዥ፣ ጌታን አሳልፈው የሰጡት በቅናት መሆኑ ገብቶታል። እኛ በየዓመቱ ስቅለትን እየሰገድን ይህ እንዴት ሳይገባን ይቀራል?

ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ተከፈለ። ይህን የዋሽንግተን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተለይተው ተሰደዱ፤ በ1984 አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ፤ የአገር ቤቱ ሲኖዶስና የስደቱ ሲኖዶስ ተባለ፤ ከሁለቱም የለንበትም ያለው ገለልተኛ ተባለ። በቅዳሴ የማን ስም ይጠራ በሚል ስንት ቤት ታመሰ! በዓል በተለያየ አዳራሽ ተከበረ፤ አብሮ የቆረበ ሰው መንገድ ላይ ሲተያይ ፊቱን አዞረ። አንቺ በአንዱ ወገን ቆምሽ፣ እናቴ በሌላው። ማኅበሩ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ጽዋው ከአንቺ ጋር ቀረ፣ መዝገቡ ከእኛ ጋር። ቅናት ራቁቱን አደባባይ ለመውጣት ያፍራል፤ የሃይማኖት ካባ ሲደረብለት ግን ቀና ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ቤት፣ ስለ ኮሌጅ፣ ስለ ዳቦ አላወራም። ስለ ቀኖና ሆነ የሚወራው።

ሐምሌ 2010 መጣ። አባቶች እዚሁ ዋሽንግተን ላይ ታረቁ። እናቴ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተንበርክካ አለቀሰች፤ አንቺም እንዳለቀስሽ አውቃለሁ፣ ልብሽን አውቀዋለሁ። አቡነ መርቆሬዎስ ከረጅም ዘመን ስደት በኋላ አገራቸው ገቡ፤ የእሳቸውና የአገር ቤቱ ፓትርያርክ የአቡነ ማትያስ ስም በአንድ ቅዳሴ አብሮ ተጠራ። በዚያ ሰሞን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይዘል ነበር። እትዬ ናት እል ነበር። በቃ፣ የሚያጣላችሁ ነገር የለም፤ ያ ሁሉ ዓመት ያነሣችሁት ምክንያት በአንድ ቀን ተነሥቷል። አልደወልሽም። እሷም አልደወለችም። ፓትርያርኮች የታረቁትን ሁለት አበልጆች መታረቅ አቃታቸው። ያን ጊዜ ነው ለቅሶው በእውነት የጀመረኝ፤ ምክንያቱ ሄዶ ጠቡ ሲቀር ማየት፣ ጌታ ሆይ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው! አቡነ መርቆሬዎስ በ2014 በአገራቸው ዐረፉ። ሰው ያልፋል፤ እናንተም ታልፋላችሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

ባለፈው በአንድ የጋራ ወዳጅ ለቅሶ ላይ ተገናኛችሁ። አንቺ ከአዳራሹ ወዲያ ጥግ፣ እሷ ወዲህ ጥግ። ንፍሮ ሲዞር ሁለታችሁም ዓይናችሁን መሬት ላይ አድርጋችሁ ቆነጠራችሁ። ስንመለስ እናቴ መኪና ውስጥ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «ከስታለች» አለች። የማንን ነገር እንደምትናገር አልጠየቅኋትም። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ስኳሩ ነው መሰለኝ። መድኃኒቷን በሰዓቱ አትወስድም፤ ድሮም እኔ ነበርኩ የማስታውሳት» አለች። እትዬ፣ በጠላትነት የሚተያይ ሰው የሌላውን መድኃኒት ሰዓት ያስታውሳል እንዴ?

በፊልጵስዩስ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ኤዎድያና ሲንጤኪን። ከቅዱስ ጳውሎስ ጋር በወንጌል የደከሙ፣ ስማቸው በሕይወት መጽሐፍ የተጻፈ ሴቶች ናቸው። ተጣሉ። ሐዋርያው ግን የጠባቸውን ምክንያት አልጻፈም፤ ማን አጠፋ አላለም። ሁለቱንም በየስማቸው እየጠራ ለመናቸው። በመካከላቸው ላለውም ሰው፣ እርዳቸው ብሎ አደራ ሰጠ። ያ ሰው ማን እንደ ነበረ ስሙ አልተነገረም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አደራው ለእኔ የተሰጠ ይመስለኛል።

እና እትዬ፣ ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ሰማንያ ቀኗ በጥር ይሞላል። እናቴን «ክርስትና ማን ያንሣት?» ብዬ ጠየቅኋት። የሕፃኗን እጅ ይዛ ስታገላብጥ ቆየች። «አንቺን ያነሣችሽ ሰው እያለች ሌላ ሰው ፍለጋ ትሄጃለሽ?» አለችኝ።

አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ የተናገረችውን ነው የነገርኩሽ። የንስሐ አባታችሁም ያውቃሉ፤ ከሁለታችሁ ጋር መጀመሪያ ለብቻ እንቀመጣለን ብለዋል። ጥምቀቱ ቅዳሜ ማለዳ ነው፤ እናቴ ነጭ ቀሚሷን አሰፍታለች፣ ዳቦውን እሷ ትጋግራለች። ጽዋው አንቺ ጋ ነው ያለው። ይዘሽው ነይ።