አንድ ጆይስቲክ፣ ስድስት ተጫዋች

ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዳችሁ ሙቀቱ ሲቀበላችሁ በምታገኟት ዛሪማ ነው ያደግነው። ጌም ቤታችን የነበረው አንድ ፕሌይስቴሽን 2 ብቻ ነው። የከፈለው ጆይስቲኩን ይይዛል፤ ያልከፈልነው ከኋላው ቆመን «በቀኝ! በቀኝ ግባ እንጂ!» እንላለን። ስለዚህ የብቻ ጌም ላይ የጋራ መጫወቻ ይጨመር አይጨመር የሚለው ክርክር ሲነሳ ግር ይለናል፤ እኛ የብቻ ጌም አይተን አናውቅማ!

በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ሁለተኛ ጆይስቲክ ለሰካ፣ ከተማው ውስጥ ምልክት ያለበት ቦታ ሲደርስ ለሁለት ያጫውት ነበር። ካሜራው አንድ ስለሆነ መራራቅ አይቻልም። ታሪኩም ወደፊት አይሄድም። ቢሆንም በአንድ ሰው ሒሳብ ሁለት ሰው ይጫወታል (ባለቤቱ ነቅቶ እጥፍ ማስከፈል እስኪጀምር ድረስ)።

ዛሬ የሚጨመረው ግን በአብዛኛው በኢንተርኔት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ ስልካችን ላይ እሺ ያለን የብቻው ጌም ነበር። እናም ይጨመር እንላለን፤ እዚያው ስክሪን ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከሆነ። በኦንላይን ብቻ ከሆነ ግን ይቅርብን፣ ገንዘቡን ታሪኩ ላይ ያውሉት። ሳን አንድሪያስን ስድስት ሆነን ነው የጨረስነው፤ ሜሞሪ ካርዱ አሁንም ከአንዳችን ቤት አለ።