ጭብጥ ወይስ ጥላ?

ባለፈው ዓመት አዳማ ዳርቻ ላይ የልጆች መዝናኛ ፓርክ ሊሠሩ ያሰቡ አንድ ባለሀብት ደወሉልኝ። መሬቱ አለ፣ ገንዘቡም «እየተሟላ ነው»፤ የጎደለው ሐሳቡን በወረቀት የሚያሰፍር ሰው ነው። «አንድ ወጥ ጭብጥ ያስፈልገናል፤ ያለዚያ ባንክም አያምነን፣ ሰውም አይመጣ» አሉኝ። እኔ በግሌ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሥራ የመምረጥ ልማድ የለኝም። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ተቀብዬ ጀመርኩ።

23 ገጽ ጻፍኩ። ጭብጡ ስምጥ ሸለቆ ነበር። በሩ እሳተ ገሞራ፣ የውኃ ሸርተቴው አዋሽ፣ ምግብ ቤቱ በቢሾፍቱ ሐይቆች አምሳል፣ መጨረሻው ላንጋኖ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮርቼበት ነበር። ለእህቴ በስልክ ሳነብላት እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «መግቢያው ስንት ነው?» አለችኝ። እህቴ መምህርት ናት፣ ሦስት ልጆች አሏት። ለዚያ ጥያቄ 23ቱም ገጽ መልስ አልነበረውም።

እሁድ ዕለት ትልቋን ልጇን ይዤ ሶደሬ ወረድኩ። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፦ ፍል ውኃ፣ መዋኛ ገንዳ፣ ትልልቅ ዛፎች፣ ከጎን አዋሽ፣ ከላይ ጦጣ። ማንም ተቀምጦ ጭብጥ አላወጣለትም። ልጅቷ ማታ ለእናቷ ያወራችላት ብስኩቷን ስለነጠቃት ጦጣ ብቻ ነው። የእኔ የእሳተ ገሞራ በር ከዚያ ጦጣ ጋር ይወዳደር ይሆን? አይመስለኝም።

«ዲዝኒስ?» ትሉኝ ይሆናል። ባለሀብቱም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተከፈተው ዲዝኒላንድ አንድ ጭብጥ አልነበረውም። ከግንቡ ፊት ካለው አደባባይ አንዱ መንገድ ወደ ጫካ ጀብዱ፣ ሌላው ወደ ካውቦዮች ዘመን፣ ሌላው ወደ ተረት፣ ሌላው ወደ ነገው ዓለም ይወስዳል። ካውቦይንና ሮኬትን ምን አገናኛቸው? ጎብኚው የት እንዳለ እንዳይጠፋው ተደርጎ መሠራቱ እንጂ ሌላ ምንም። ይልቅ አንድ ወጥ ጭብጥ የነበረው ያው ኩባንያ በ2001 እዚያው ጎን የከፈተው ሁለተኛው ፓርክ ነው። ጭብጡም ካሊፎርኒያ ራሷ። የተጠበቀው ሕዝብ ግን አልመጣም። ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው እንደገና ሠሩት፤ ሥራው ያለቀው በ2012 ነው። እውነተኛዋ ካሊፎርኒያ ደጁ ላለችለት ሰው አምሳያዋን መሸጥ ከባድ ነው። እኔም የመተሐራን መንገድ ይዞ የፈንታሌን ተራራ በነጻ ለሚያይ ሕዝብ የሲሚንቶ እሳተ ገሞራ ልሸጥ ነበር!

ጭብጥ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ2012 የተከፈተው አንድነት ፓርክ ጭብጡን በስሙ ይዞታል፤ ቤተ መንግሥቱ፣ የክልሎች እልፍኝና የአራዊት ማቆያው በአንድ ጥላ ሥር ናቸው። ነገር ግን እኔን የጎተተኝ ስሙ አይደለም። ተራው ሰው ለረጅም ዘመን ከአጥሩ ውጭ ብቻ የሚያውቀው ግቢ መከፈቱ ነው።

ደግሞ በእኛ አገር ጭብጥ መምረጥ ቀላል ነገር መሰላችሁ? ከተማዋን አዳማ እንበላት ናዝሬት በሚለው እንኳ ሰው ይጨቃጨቃል። በሩ ላይ አንድ ወጥ ታሪክ ሲሰቀል «የማን ታሪክ ቀረ?» የሚል ይመጣል፤ መጠየቁም መብቱ ነው። ጥላና ንጹሕ ሽንት ቤት ግን ማንንም አያስቀይምም።

ወረቀቱን እንደገና ጻፍኩት። ሰባት ገጽ ሆነ። እሳተ ገሞራውን ሰርዤ ዛፍ አስገባሁ፤ የአዳማን ፀሐይ የሚያውቅ ምክንያቱ ይገባዋል። ምሳ ቋጥሮ መግባት ይፈቀድ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ መግቢያው ግማሽ ይሁን አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ፦ ከተማዋን ቁልቁል የሚያዩት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች በደንብ የሚታዩበት ከፍ ያለ ቦታ። ያቺ ልጅ ባየቻቸው ቁጥር «ሲደክማቸው ማን ያሳርፋቸዋል?» እያለች ትጠይቀኛለችና።

ላኩላቸው። በማግስቱ «ጭብጡ የታል?» የሚል አጭር መልእክት ደረሰኝ። ቀሪው ግማሽ ክፍያ ግን እስካሁን አልደረሰኝም።