ብረት ያነሳ የነበረው ልጅ



ከሁለት ክረምት በፊት የአንድ ወጣት ጀናዛ አጥበናል። ስሙን አንጠራም፤ ቤተሰቡ እዚሁ መካከላችን ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ ብረት ሲያነሳ የከረመ ክንድ ነበር። በስልኩ ሰዎች በሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል ሲጋልቡ እያየ «እኛስ ጣና አለን አይደል?» ይል ነበር አሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰው ታንኳ ተውሶ ገባ። ነፋስ ተነሳ፣ ታንኳዋ ተገለበጠች። ዋና አይችልም ነበር። አላህ ይዘንለት፣ ከሸሂዶች ይቁጠረው።

ስናጥበው አንድ ነገር ውስጣችንን በላው። ይህን ልጅ ቁርአን ያስቀራነው እኛ ነን። ወንዝ ወርዶ ሲመጣ ፀጉሩን ዳስሰን፣ እርጥብ ከሆነ የገረፍነውም እኛው ነን። እኛም በልጅነታችን በጉማራ ወንዝ ምክንያት ተገርፈናል፤ የተደረገብንን ደገምነው። ልጆች ዋና ይማሩ ዘንድ ከዑመር ኢብኑል ኸጣብ የሚተላለፈውን ምክር በየደርሱ አውርተነዋል። ያስተማረ ግን አልነበረም። እኛ ራሳችን በ34 ዓመታችን ውሃው ከጉልበታችን ካለፈ የምንንቀጠቀጥ ነበርን።

በወሩ ወደ ጣና ዳር ወረድን። ታንኳ የሚሠሩ አንድ የነገደ ወይጦ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን። (ሳንናገር አናልፍም፦ ጣናን እንደነሱ የሚያውቅ የለም፣ ብዙዎቹም ሙስሊሞች ናቸው፤ እኛ ግን ለዘመናት ንቀናቸው ኖረናል። በዚህ ጉዳይ አላህ ይጠይቀናል።) «አባባ፣ ዋናና ቀዘፋ ያስተምሩን» ስንላቸው አልሳቁብንም። «መጀመሪያ ታንኳዋን አንሳት ልጄ» አሉን።

ምርጫው ያ ነው። ደንገል ሲደርቅ ቀላል ነው፣ ውስጡ አየር የያዘ ነው። ውሃ ላይ ሲውል ሲያድር ግን ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ታንኳ ከሥራ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ስታነሳት ከከበደችህ ጠጥታለችና አትግባባት። ጠባቧ ትፈጥናለች፣ ግን ትገለበጣለች፤ ጀማሪ ሰፊና ወፍራም ይያዝ። የባሕር ሰሌዳም እንዲሁ ነው። ጀማሪ ረጅም፣ ሰፊና ወፍራም ይዞ ይጀምራል፤ አጭርና ስስ የሚይዘው ዓመታት የለፋው ነው። በስልካችሁ የምታዩት ግን አጭሩን ነው።

በነገራችን ላይ የእኛ ታንኳ ከዚያ ጨዋታ የራቀች አይደለችም። በፔሩ፣ ሁዋንቻኮ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ዓሣ አጥማጆች ቶቶራ ከሚባል ቄጤማ በታሰረች ትንሽ ታንኳ ማዕበል እየጋለቡ ወደ ዳር ይመለሳሉ። ሲጨርሱ እያቆሙ ያደርቋታል። በ1969 ደግሞ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና የተቆረጠ ደንገል አስጭኖ ግብፅ ውስጥ ትልቅ ጀልባ አሠራ። ከሞሮኮ ተነስታ ረጅም መንገድ ከሄደች በኋላ ኋላዋ ውሃ እየገባው ስለሰመጠ ጥለዋት ወጡ። በ1970 ሌላ አሠርቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። አባባ ይህን ስንነግራቸው ብዙም አልገረማቸውም። «ኋላዋን ማየት ነበረባቸው» ብለው ዝም አሉ።

ጥንካሬውስ? የአባባ ክንድ ከእኛ ክንድ ይቀጥናል፣ ሲቀዝፉ ግን ቀኑን ሙሉ አይደክሙም። የሚስቡት በጀርባና በወገብ ነው። እኛ በክንድ ብቻ ስንስብ በሩብ ሰዓት ተቃጠልን። ስለዚህ ቤት ውስጥ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ደረትን ከመሬት ማንሳት፣ ወገብን ማጠንከር ብረት ከመግፋት ይልቅ እዚህ ይጠቅማል። ከሁሉ በፊት ግን በጀርባ መንሳፈፍና ፊትን ነክሮ ትንፋሽ ማውጣት ነው፤ እሱ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ቀጥሎ በደረት ልክ ውሃ ላይ ታንኳዋን ሆን ብሎ ገልብጦ መመለስ ይመጣል። ከጎን ከወጣህ መልሳ ትጥልሃለች፤ በኋላዋ በኩል በሆድህ፣ እግርህን እያንፈራገጥህ ውጣ።

ደግሞ ሰዓት! ጣና ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል። ከፈጅር በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ግቡ፣ ከዙህር በፊት ውጡ። ጉማሬ ካለበት ደንገል አትጠጉ። ቢልሃርዚያም አለና ሆድ ሲያማችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ አንድ ልጆች ይዘን እንወርዳለን፤ አባባ ዳር ተቀምጠው ይቆጣሉ። ከልጆቹ አንዱ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ያለ እናቱ ፈቃድ አንወስድህም አልነው። አራት ወር ሙሉ እምቢ አሉ። ባለፈው ቅዳሜ ግን አብረውን መጡ። ልጁ ሦስት ጊዜ ተገልብጦ ሦስት ጊዜ ወጣ። እሳቸው ደረቅ ልብሱን እቅፋቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ውሃው ሳያዞሩ «ወጣ?» እያሉ አጠገባቸው የቆመውን ልጅ ይጠይቁ ነበር።