የሁሉንም ጀርባ የሚያይ ሰው

ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ ገና የስታዲየሙ ወንበር ሳይሞላ፣ ከመልበሻ ክፍል ቀድመው ብቅ የሚሉት በረኞች ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት ጓንት ያጠለቁ ወጣቶች፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ ኳስ የታጨቀበት መረብ ያንጠለጠለ አንድ ጎልማሳ። ሰውዬው ኳሶቹን ሣሩ ላይ ይዘረግፍና መምታት ይጀምራል። መጀመሪያ በዝግታ ወደ ደረት፣ ቀጥሎ ዝቅ አድርጎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከመስመር በኩል ከፍ አድርጎ። ግብ ለማስቆጠር አይደለም የሚመታው፤ እንዲያዝለት ነው። ሜዳ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ኳስ ሲመታ ባይገባ ደስ የሚለው እሱ ብቻ ይመስለኛል። ቴሌቪዥኑ በዚያ ሰዓት ስለ አጥቂዎች ያወራል። የእኔ ዓይን ግን ወደዚያ ሰውዬ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ እሱም ድሮ በረኛ ነበር።

ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ ቀድሞ በሐሳቤ የሚመጣው እንግሊዛዊው ሬይ ክሌመንስ ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የተወለደው በ1948 በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ስኬግነስ በምትባል የባሕር ዳር መዝናኛ ከተማ ነው። ስከንቶርፕ ዩናይትድ በሚባል ትንሽ ክለብ ሲጫወት፣ ሊጉ በሚዘጋባቸው የሙቀት ወራት ባሕሩ ዳር ለሚዝናናው ሰው ተጣጣፊ ወንበር እያከራየ ኑሮውን ይደጉም ነበር። በ1967 የሊቨርፑሉ አሰልጣኝ ቢል ሻንክሊ በ18,000 ፓውንድ ገዛው። ከዚያስ? ከዚያማ ጠበቀ። ቦታው የቶሚ ሎውረንስ ስለነበር ክሌመንስ ከሁለት ዓመት በላይ ለተጠባባቂዎቹ ቡድን ተጫወተ። ዋናውን ማሊያ በ1970 ከተረከበ በኋላ ግን ለ11 ዓመት ማንም አልነጠቀውም።

የሚገርመኝ የ1978/79 ውድድር ዘመን ነው። ሊቨርፑል በ42 የሊግ ጨዋታ የተቆጠረበት ግብ 16 ነው። በሜዳው በአንፊልድ 4 ብቻ! ይህ ሲነሳ ሰው የሚያመሰግነው ተከላካዮቹን ነው፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን የበረኛውን ከሰዓት በኋላ ለማሰብ እሞክራለሁ። ቡድኑ በተጋጣሚው ክልል ሰፍሮ ሲያጠቃ፣ እሱ ብቻውን ወዲህ ቆሞ 30 ደቂቃ፣ 40 ደቂቃ ኳስ ሳይነካ ይቆያል። ላቡ ይደርቃል፣ እጁ ይቀዘቅዛል። በዚህ መሃል አንዲት ኳስ ታመልጥና አንድ አጥቂ ብቻውን ይመጣበታል። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያደረ ዘበኛ ጠዋት የሚመሰገነው ሌባ የመጣ እንደሆነ ነው፤ ሌሊቱ ሰላም ከሆነ ነቅቶ ይደር ተኝቶ ይደር ማንም አይጠይቀውም። ክሌመንስ ግን ነቅቶ ነበር። ለሊቨርፑል ከተሰለፈባቸው 665 ጨዋታዎች በ323ቱ ግቡን ሳያስደፍር ወጥቷል፤ ግማሽ ሊሞላ ምን ቀረው?

ከዚያ ሁሉ ጸጥታ መካከል ሁለት ቅጽበት ልምረጥ። በ1973 የዩኤፋ ዋንጫ ፍጻሜ በደርሶ መልስ ይካሄድ ነበር። አንፊልድ ላይ ሊቨርፑል የጀርመኑን ቦሩሲያ ሞንሼንግላድባህን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ ክሌመንስ የዩፕ ሃይንከስን ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። የዚያን ቀን ትልቅ ነገር አይመስልም ነበር። በመልሱ ጨዋታ ግን ያው ሃይንከስ ሁለት ግብ አገባ፤ ሊቨርፑል ዋንጫውን ያነሳው በድምር 3 ለ 2 ነው። ሁለተኛው በ1977 ሮም ላይ ነው፤ ተጋጣሚው ያው ቡድን፣ ዋንጫው ደግሞ የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ። ውጤቱ 1 ለ 1 ሳለ ኡሊ ሽቲለከ ብቻውን አመለጠ። ክሌመንስ ግቡን ለቆ ሮጦ ወጣበትና ኳሱን በሰውነቱ አገደው። ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ፤ ታሪኩ ሲተረክም የሚነሱት ሦስቱ ግቦች ናቸው።

ሌላም የማስተውለው ነገር አለ። ሜዳ ላይ የጓደኞቹን ሁሉ ጀርባ የሚያይ ሰው በረኛው ብቻ ነው። ማን ደከመ፣ ማን ቦታውን ለቀቀ፣ ማን ፈራ፣ ከኋላ ሆኖ ያነበዋል፣ ይጮኻል፣ ያስተካክላል። ሊቨርፑል ተከላካዮቹን ወደ ፊት ገፍቶ ስለሚያጫውት ከኋላቸው ሰፊ ባዶ ሜዳ ይቀር ነበር፤ ክሌመንስ ከክልሉ ወጥቶ ያንን ሜዳ በእግሩ የሚጠብቅ በረኛ ነበር። እንዲህ ለዓመታት ሁሉን ሲያይ የኖረ ሰው ጓንቱን ሲያወልቅ አሰልጣኝ ቢሆን ምን ይገርማል? ከፊቱ ቆመው ጀርባቸውን ሲያይ ከኖሩት ሰዎች አንዱ ኬቨን ኪገን ነው፤ እሱም በ1971 ከዚያው ከስከንቶርፕ ወደ ሊቨርፑል የመጣ ነው። ሌላው ግሌን ሆድል ነው፤ ክሌመንስ በ1981 በ300,000 ፓውንድ ወደ ቶተንሃም ሲዛወር አብሮት የተጫወተ። ሁለቱም ከዓመታት በኋላ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆኑ። ሆድል በ1996 ሲሾም ለበረኞቹ አሰልጣኝነት የጠራው ክሌመንስን ነው። ኪገን ሲተካም በቦታው አቆየው። ከኋላቸው ማን ቆሞ እንደነበር አልረሱም።

ስለ ብሔራዊ ቡድን ሲነሳ ፒተር ሺልተን መነሳቱ አይቀርም። ሁለት ታላላቅ በረኞች በአንድ ዘመን በአንድ አገር ተገኙ፤ ግቡ ግን አንድ ነው። አሰልጣኙ ሮን ግሪንውድ ለዓመታት መምረጥ አቅቶት ሲያፈራርቃቸው ኖረ። በመጨረሻ ሺልተን 125 ጊዜ፣ ክሌመንስ 61 ጊዜ ለእንግሊዝ ተሰለፉ። እንግሊዝ ለ1974 እና ለ1978 የዓለም ዋንጫ ስላላለፈች ክሌመንስ በተጫዋችነት የሄደበት የዓለም ዋንጫ በ1982 የተካሄደው የስፔኑ ብቻ ነው። እዚያም አምስቱንም ጨዋታ ሺልተን ተጫወተ፤ በአምስቱ የተቆጠረበት አንድ ግብ ብቻ ነበር። ይህ ሲታሰብ ልቤ ይነካል። ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ዋንጫ ያነሳ፣ በ33 ዓመቱ በብቃቱ ጫፍ ላይ የነበረ ሰው፣ አንድ ደቂቃ ሳይሰለፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ልምምድ ላይ ደግሞ ተቀናቃኙን እያሟሟቀ ውድድሩን ጨረሰ።

ድሮ በረኛን የሚያሰለጥን ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በረኞች ከሌሎቹ ጋር ይሮጣሉ፣ ከዚያ አጥቂዎቹ እንዲለማመዱባቸው ግብ ውስጥ ይቆማሉ፤ በቃ። በእንግሊዝ ይህን ከለወጡት መካከል በአርሰናል ለረጅም ዓመታት በረኞችን ያሰለጠነው ቦብ ዊልሰንና የሼፊልድ ዩናይትዱ አለን ሆጅኪንሰን ይገኙበታል፤ ሁለቱም ራሳቸው በረኞች ነበሩ። ክሌመንስ በ1988 በጉዳት ጫማውን ሰቅሎ በቶተንሃም ወደዚሁ ሥራ ገባ። በ1992 ከራስ ተጫዋች ሆን ተብሎ በእግር የተሰጠን ኳስ በረኛ በእጁ እንዳይነካ ሕግ ወጣ፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ በረኞች በድንገት እግራቸው ጠፋባቸው። ያኔ የቶተንሃም በረኞች ከመስመሩ ወጥቶ በእግሩ መጫወት የለመደ ሰው አጠገባቸው ማግኘታቸው ዕድል ነበር። በዚያው ውድድር ዘመን ክሌመንስ ከባልደረባው ከዳግ ሊቨርሞር ጋር ሆኖ የቶተንሃምን ዋና ቡድን መራ። ከ1994 እስከ 1996 ደግሞ ሜዳው ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በሚያዘቀዝቀው በትንሹ ክለብ በባርኔት በዋና አሰልጣኝነት ሠራ። እውነቱን ለመናገር ግን የእሱ ቦታ ከበረኞቹ ዘንድ ነበር።

ለዓለም ዋንጫ ሦስት በረኞች ይሄዳሉ፤ የሚጫወተው አንዱ ነው። አሰልጣኛቸው አንዱን ለጨዋታ፣ ሁለቱን ለመጠበቅ ማዘጋጀት አለበት። የኋለኛው የሚከብድ ይመስለኛል፤ ክሌመንስ ደግሞ በ1982 በገዛ ራሱ ያየው ነው። ስህተትንም ያውቅ ነበር። በ1976 ግላስጎው፣ ሃምደን ፓርክ ላይ ኬኒ ዳልግሊሽ የመታት ደካማ ኳስ በእግሮቹ መካከል አልፋ ገባችና ስኮትላንድ 2 ለ 1 አሸነፈች። በዓመቱ ዳልግሊሽ ወደ ሊቨርፑል መጣ፤ በ1978 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የክለብ ብሩዥን መረብ ያገኛት ብቸኛዋ ግብ የእሱ ነበረች፤ በዚህኛው ጫፍ ግቡን ሳያስደፍር የወጣው ደግሞ ክሌመንስ። በ2006 ዛግሬብ ላይ ጋሪ ኔቪል ወደ ኋላ የመለሰው ኳስ ነጥሮ ከእንግሊዙ በረኛ ከፖል ሮቢንሰን እግር በላይ አልፎ ሲገባ፣ በ2007 ዌምብሌይ ላይ በወጣቱ ስኮት ካርሰን ላይ የኒኮ ክራንቻር ምት ሲያመልጥ፣ ሁለቱንም ያሰለጥን የነበረው የሃምደኑ ሰው ነው። አገር ሁሉ የሳቀበትን ስህተት ሠርቶ ከዚያ በኋላ ሦስት የአውሮፓ ዋንጫ የወሰደ ሰው አጠገብ ሆኖ መለማመድ፣ ለተሰበረ በረኛ ከምንም ምክር የሚበልጥ ይመስለኛል።

በእነዚያ ዓመታት ታምሞም ነበር። የፕሮስቴት ካንሰር የተገኘበት በ2005 ነው፤ ሕክምናውን እየተከታተለ በእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር እስከ 2013 ሠራ። ያረፈው ኅዳር ወር ላይ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 2020፣ በ72 ዓመቱ ነው። ቀኑን ልብ ያለው ብዙ ሰው የለም፤ ለእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ኖቬምበር 15 ቀን 1972 ካርዲፍ ላይ ነበር፤ ዌልስን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ለኪገንም የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር። የክሌመንስ ልጅ ስቴፈን በረኛ አልሆነም። በቶተንሃምና በበርሚንግሃም አማካይ ሆኖ ተጫወተ፤ ከዚያ እሱም አሰልጣኝ ሆነና ለዓመታት ከስቲቭ ብሩስ ጋር ሠራ።