ለንደን መቼ ይኬዳል?

ከተሜ ጉዞ ሲያስብ መጀመሪያ «የት?» ይላል፤ የጋይንት ሰው ግን «መቼ?» ነው የሚለው። «የት»ማ ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፤ ለቅሶም ቢሆን፣ ንግሥም ቢሆን፣ ፍርድ ቤትም ቢሆን ቦታው ሰውን ይጠራዋል እንጂ ሰው ቦታውን አይመርጥም። ባልየውን ጋሽዬ፣ ሚስትየዋን እትዬ የምላቸው የአርብ ገበያ ዘመዶቼም፣ ለንደን የሚኖረው ልጃቸው «ኑና ከተማውን እዩልኝ» ካላቸው ጊዜ ጀምሮ ቡና በተፈላ ቁጥር የሚያነሡት ይህንኑ ነው፦ ለንደን መቼ ይኬዳል?

ልጁ በሰኔ ነው የፈለጋቸው። ብርዱ ያልፋል፣ ዛፉ ይለመልማል፣ ፀሐይም የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው አላቸው። ጋሽዬ ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ይህንኑ ለእትዬ ደገሙላቸው፤ ልጁ የሚናገረው በማጉያው ለሁላችንም ቢሰማም፣ እሳቸው በራሳቸው አፍ ካልደገሙት ወሬው ቤት የገባ አይመስላቸውም። ከዚያም «ታዲያ እዚያ ያለ ገበሬ በሬውን መቼ ይፈታል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባል ምንም በማይቀረው አገር ለኖረ፣ ሰዓቱንም ከፀሐይ መውጣትና መግባት ጋር አስሮ ለሚቆጥር ሰው፣ እራት ከተበላ በኋላ ፀሐይ የምታይበት ከተማ በቀላሉ አይታሰብም። ብቻ ሰኔ ወደቀ። «የሰኔን ቀን ያበደረ በኅዳር አይመለስለትም» አሉ ጋሽዬ፣ ልጁም የገበሬ ልጅ ነውና አልተከራከረም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እነዚህ ሁለት ሰዎች እስከ ዛሬ አብረው ርቀው ሄደው አያውቁም። ጋሽዬ ለጉዳይ ደብረ ታቦር ሲሄዱ እትዬ ቤት ናቸው፤ እትዬ ነፋስ መውጫ የታመመ ለመጠየቅ ሲነሡ ጋሽዬ ከከብቱ ዘንድ ናቸው። ከብትና ጎተራ ያለው ቤት ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ ስለዚህ ለንደን ለእነሱ ሩቅ ከተማ ከመሆኗ በፊት በሩን አብረው ዘግተው የሚወጡባት የመጀመሪያዋ ቀን ናት። የእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ እስከ 6 ወር እንደሚያስቆይ ባነበብኩላቸው ጊዜ እትዬ የያዙትን ስኒ አስቀመጡና «6 ወር እንግድነት ነው ስደት?» አሉ። ሦስት ሳምንት ይበቃል ተባለ፤ ለሦስት ሳምንት የእትዬ እኅት መጥተው ቤቱን ይጠብቃሉ።

ለቪዛው ማስረጃ ሲጠየቅ ከሳጥኑ ሥር የመሬት ደብተሩ ወጣ። እትዬ ደብተሩን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት፤ ከመፍታታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ፈትተውም ወዲያው አይሰጡም፣ በመዳፋቸው ጠረግ ያደርጉታል። በአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. መሰጠት የጀመረው ይህ የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፍበታል፤ በዚያ ቤት ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ የሚያሳይ ሌላ ፎቶግራፍ የለም። እኔ ከሁሉ ወረቀት ይህን አስበልጣለሁ። ፓስፖርታቸውን ያየ የውጭ አገር ሰው የባልና የሚስቱን የአባት ስም አስተያይቶ «ዝምድናቸው ምንድን ነው?» ሊል ይችላል፤ በእኛ አገር ሚስት ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ እንደምትቀር ማን ይነግረዋል? ደብተሩ ግን መጋባታቸውንም፣ ተመልሰው የሚገቡበት መሬት እንዳላቸውም በአንድ ጊዜ ይመሰክራል። ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ ማያያዝ ብቻ ነው የሚቀረው።

በቪዛው ቅጽ የልደት ቀን ላይ ትንሽ ቆየን። እትዬ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ መወለዳቸውን ያውቃሉ፣ ዓመቱን ግን አያውቁም፤ ጋሽዬ ዓመቱን ያውቃሉ፣ ቀኑን ግን አያውቁም። የሁለቱ ቢደመር አንድ ሙሉ ልደት ይወጣው ነበር።

ጋይንት እንግዳ መቀበል እንጂ እንግዳ መሆን ብዙም አልለመደም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። የድጓ ምስክር ቤቱ ቤተልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕቱ ዙር አምባ እዚያው ጋይንት ናቸው፤ ከየአገሩ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፣ አቆፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በዱላው እየመከተ ሲመጣ ኖሯል። እትዬ ለእነዚያ ልጆች ቁራሽ ሲሰጡ ያረጁ እጆች ናቸው ያሏቸው። አሁን ደግሞ እሳቸው በሰው አገር እንግዳ ሊሆኑ ነው፤ እንግዳ ምን ይዞ እንደሚገባ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ «በቃኝ» እንደሚል በሌላው ላይ ሲያዩት ስለኖሩ ከጋሽዬ ይልቅ የተዘጋጁት እሳቸው ይመስሉኛል።

ጋሽዬ ልጅ ሳሉ ቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ግእዝ ያነባሉ። ልጁ ስለ ትልቁ ሰዓትና ስለ ወንዙ ድልድዮች ሲያወራላቸው በትሕትና ሰሙትና «መጻሕፍቱስ?» አሉ። የእነሱን ታች ጋይንት በደቡብ የሚያዋስነው የበሽሎ ወንዝ ነው፤ ከበሽሎ ማዶ ወሎ፣ በዚያም መቅደላ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሄደው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የወርቅ ዘውድና ጽዋም ሄዷል፤ እሱ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። ጋሽዬ መግቢያው ስንት እንደሆነ ጠየቁ፤ ልጁ በነፃ ነው አላቸው። «ደግ ነው» ብለው ዝም አሉ።

እትዬ የጠየቁት አብሮ ስለ ተወሰደው ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ስለ ዓለማየሁ ነው። ስንት ዓመቱ ነበር አሉ፤ 7 አልኳቸው። እናቱስ? እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ አረፉ፤ ልጁም አድጎ በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ ሞተ፣ ዊንዘር ተቀበረ። እትዬ ስልኩን ከጋሽዬ ተቀበሉና ልጃቸውን ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቁት።

ከሁሉ የቆየንበት ግን የታቦታቱ ነገር ነው። ከመቅደላ የሄዱ 11 ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ተሸፍነው ይቀመጣሉ፣ ለሕዝብም አይታዩም። ጋሽዬ ይህን ሲሰሙ «ካልታዩ ምን ልናደርግ እንሄዳለን?» አሉ። እትዬ ግን ነገሩ ጨርሶ አላሳሰባቸውም። «እዚህስ ታቦት የሚያይ ማን አለ? ከደጅ ተሳልሜ እመለሳለሁ።» አንድ ሰው ሙዚየም ሊሄድ ሲነሣ ከደጁ ለመመለስ ሲያቅድ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ከዚያ የተሻለ ምክንያት ያለው ጎብኚ ብዙ አይመስለኝም።

እንዲህ ሆኖ «መቼ» ራሱ መልስ አገኘ። የመቅደላው ቤተ ክርስቲያን መድኃኔ ዓለም ከሆነ የሚሳለሙትም በ27 ነው፤ ከ27ም መጋቢት 27 ዓመታዊ በዓሉ ነው፤ እሱም በፈረንጅ አፕሪል 5 ይውላል። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ ክረምቱ ገና ነው፤ ጋሽዬም እሺ አሉ። ብርዱንስ ሲባሉ፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ጉናን በሌሊት ያቋረጠ ሰው ለንደን አያስፈራውም አሉ። የእሳቸው ሥጋት ከለንደን ይልቅ ከአርብ ገበያ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት የመንገዱን ሰላም ሳይጠይቅ የሚነሣ ሰው የለም፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ሊወጡ ወስነዋል።

ልጁ ያገኘው ትኬት «ቅዳሜ 01:00» ይላል። ይህ በእኛ አርብ ሌሊት 7 ሰዓት ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ቅዳሜ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ መድረስ ቀላል ነው፣ አውሮፕላኑ ግን በዋዜማው ሄዷል። እትዬ ነገሩን ባጭሩ ቆረጡት፦ «አርብ በሉኝ። አርብን እኔ አልስትም።»

ቅቤና ቋንጣ ወደ እንግሊዝ አይገባም፣ የሥጋና የወተት ነገር በጉምሩክ ይከለከላል፤ ዐቢይ ጾም ስለሆነ ማንም አልተከፋም። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ድርቆሽ ተዘጋጀ፣ ሁለት ኪሎ ማርም ተጨመረ። የአንዱ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ ነው ስለተባለ ባለፈው አርብ ከሰዓት፣ ገበያው ሲበተን፣ የእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አወጡትና 26 ሆነ። ጋሽዬ ከሽሮው ይቀነስ ይላሉ፤ እትዬ «የእርስዎ ሁለተኛ ጋቢ ይቅር፣ ልጁ ብርድ ልብስ አያጣም» ይላሉ፤ ነጋዴው ሚዛኑን ሊያነሣ ቆሞ እስኪስማሙ ይጠብቃል።