አጭበርባሪው በእግሩ ይመጣ የነበረ ጊዜ

አውቶቡስ ተራ አካባቢ ያደገ ሰው «ቀይዋን ያየ!» የሚለውን ጩኸት አይረሳውም። ሦስት ካርታ፣ አንድ የተገለበጠ ካርቶንና ምላሱ ከእጁ የሚፈጥን አንድ ጎረምሳ። ቀይዋ የት እንዳለች ያወቀ ያስያዘውን እጥፍ ይወስዳል ይባላል። ፊት ለፊት ቆሞ ደጋግሞ የሚበላው ሰው የጎረምሳው ግብረ አበር መሆኑን እኛ የሰፈር ልጆች እናውቅ ነበር። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ሻንጣውን በእግሮቹ መሀል አጣብቆ የቆመው እንግዳ ግን አያውቅም። ዓይኑ ከካርታዎቹ ይልቅ ብር በሚቆጥረው ሰውዬ ላይ ነው።

አክስቴን የበላት ግን ካርታ አይደለም፤ ወርቅ ነው። ደርግ ሊወድቅ የተቃረበበት ዘመን ነበር። ጋቢ የደረበ፣ አነጋገሩ የባላገር፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ሰው ጠጋ ብሎ «እቴዋ፣ አገሩን አላውቀውም፤ ወርቅ የሚገዙት የት ነው?» ይላታል። ጉድጓድ ስንቆፍር አገኘሁት ያለውን ቀለበት ከእራፊ ጨርቅ ፈቶ ያሳያታል። እሷ ገና ሳትመልስ ሱፍ የለበሰ መንገደኛ ከየት መጣ ሳይባል ይደርስና ቀለበቱን ተቀብሎ፣ ነክሶ፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ «ወርቅ ነው፤ እኔ እገዛሃለሁ። ብሩን ከቤት አምጥቼ እስክመለስ ንቅንቅ እንዳትል» ብሎ ይሄዳል። ባለጋቢው ወደ አክስቴ ዞር ብሎ «ሰውየውን ፈራሁት፤ አንቺ የእናት ፊት አለሽ፤ የያዝሽውን ስጪኝና ውሰጂው» ይላታል። በመቀነቷ የቋጠረችውን የዕቁብ ብር ፈታ ሰጠችው። ፒያሳ ወርቅ ቤት ወስዳ ስታስመዝነው ነሐስ ሆነ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቡና እኛ ቤት ነበር። አክስቴ መጀመሪያ አለቀሰች፤ አቦሉ ሲቀዳ መራገም ጀመረች፤ ቶናው ላይ ደርሳ ተነሥታ ባለጋቢውን ሆና መጫወት ያዘች። ሴቶቹ ዝም ብለው አልሰሟትም። «ከዚያስ ምን አለሽ?»፣ «ባለሱፉ በየት በኩል መጣ?»፣ «ብሩን ስትፈቺ የት ያይ ነበር?» እያሉ አንድ በአንድ አወጣጧት። ሳቁባትም፣ ያውም ከልባቸው። በረካው ሲደርስ የእነዚያ ሁለት ሰዎች ጋቢ፣ ሱፍ፣ አነጋገርና የእግር አጣጣል በሰፈሩ ሴት ሁሉ ጭንቅላት ውስጥ ገብቷል። ትንሽ ቆይቶ ከጎረቤቶቻችን አንዷን አመዴ ገበያ ላይ ያው ባለጋቢ «የእናት ፊት አለሽ» ሲላት፣ «ባለሱፉ ዛሬ ቀረ እንዴ?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ጨርቁን ሳይቋጥር ነው የሮጠው።

በኋላ ላይ ሳነብ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሮበርት ቻልዲኒ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው እሺ የሚልባቸውን መንገዶች በስድስት ከፍሎ አገኘሁት። ሊያመልጥ ያለ ነገር ያስጎመጃል፤ ሌላው ሲያደርገው ያየነውን እናደርጋለን፤ ለወደደን እንሸነፋለን፤ ባለሥልጣን የሚመስለውን እንታዘዛለን፤ ላደረገልን ብድር እንመልሳለን፤ አንዴ ከጀመርን ወደኋላ ማለት ያሳፍረናል። ባለጋቢውና ባለሱፉ በአንዲት ቀለበት ቢያንስ ሦስቱን ሠርተውባታል።

ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ሥራቸው ይከብድ ነበር። ጋቢ መግዛት አለባቸው። ፀሐይ ላይ መቆም አለባቸው። ፊታቸው ይታያል፤ ከተነቃባቸው ደግሞ ዱላ አለ። በቀን ቢሠሩ ሁለት ሦስት ሰው ነው። ሃይማኖታዊ የሰንሰለት ደብዳቤ የሚያሰራጭ እንኳ ካርቦን ወረቀት አነባብሮ ጣቱ እስኪደነዝዝ ይጽፍ ነበር፤ የዛሬው «ለአሥር ሰው ላክ፣ ተአምር ታያለህ» ያለ ወጪ ይዞራል።

ሞባይል ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዓመት ስልካችን ውስጥ የሚሰረቅ ነገር አልነበረም፤ ሌባ የሚፈልገው ቀፎውን ነበር። በግንቦት 2013 ቴሌብር መጣ፤ በነሐሴ 2015 ኤም-ፔሳ ተከተለ፤ ባንኮቹም በየመተግበሪያቸው ገቡበት። መቀነት ውስጥ የነበረው ብር ስልክ ውስጥ ገባ። ባለጋቢውም ተከትሎት ገባ።

አሁን የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልካቸው ይጮኻል። «ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ እንደምን አደሩ?» ይላል አንድ የለዘበ የወጣት ድምፅ፤ ስማቸውን እስከ አያት ይጠራል። ይህ ብቻውን ያሳምናል። ስሙ የተገኘበት መንገድ ግን ቀላል ነው፤ በስልክ ብር ሊልክ የሚሞክር ሰው ቁጥሩን ሲያስገባ የተቀባዩ ስም ይመጣለታል፤ ላኪው ስሙን አይቶ ማቋረጥ ይችላል። ደዋዩ ይቀጥላል፦ «አካውንትዎ ዛሬ ማታ ሊዘጋ ነው፤ እንዳይጉላሉ ብዬ ነው። አሁን አጭር መልእክት ይደርስዎታል፤ ቁጥሩን ያንብቡልኝ። ስልኩን እንዳይዘጉት እናቴ።» መልእክቱ ደረሰ። ደዋዩ በዚያው ደቂቃ የእሳቸውን አካውንት በራሱ ስልክ ላይ እየከፈተ ነበርና፣ ቁጥሩ የመጣው የአካውንቱ ባለቤት መሆናቸው እንዲረጋገጥ ነው። ከቁጥሩ ሥር ለማንም አይስጡ የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። መምህርቷ እሱንም አንብበውታል። ግን ደዋዩ «ማንም» አልነበረም፤ እሱ ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው። አንብበው ሰጡት።

ኬቨን ሚትኒክ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሰርሳሪ ከእስር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ለአገሩ ሴኔት የተናገረው ይህንኑ ነበር፤ ሰው ጠይቆ ማግኘት እየተቻለ ማሽን መስበር ብዙም አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የገንዘብ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አለቆቹን አይቶ፣ ድምፃቸውን ሰምቶ፣ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አስተላለፈ። ስብሰባው ላይ ያያቸው አለቆቹ በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎች ነበሩ። ብዙ ሰው ባለበት ስብሰባ ውስጥ እውነተኛው እሱ ብቻ ነበር ማለት ነው። «ቀይዋን ያየ» ላይ እንግዳውን ከብበው የሚቆሙት ሰዎች ዛሬ ምሳና የትራንስፖርት አበል አይጠይቁም።

እኛ ዘንድ ገና እዚያ አልተደረሰም እንል ይሆናል። ግን ቴሌግራም ላይ የተሰረቀው የጓደኛዬ አካውንት «ለዚህች ልጅ ድምፅ ስጪልኝ» ይላል፤ ሊንኩን የነካችው ጓደኛዋ ኮድ ታስገባለች፤ ማታውኑ በእሷ ስም ለዘመድ ሁሉ «ቸግሮኝ ነው፣ አምስት ሺህ ላክልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» ይጻፋል። ሪያድና ዱባይ ላሉ እህቶቻችን ደግሞ ከወንድም በተሰረቀ አካውንት «እማዬ ታማለች፣ ሐኪም ቤት ነን» ይላካል። ሌሊት ሠርታ ያደረች ልጅ ይህን አንብባ ማጣራት እንዴት ይታሰባታል?

ሕጉ ይህን ጠፍቶት አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ሲያብራራ አሳሳች ነገር መናገርን፣ ማንነትን መደበቅን፣ በሌላው ሰው የተሳሳተ እምነት መጠቀምን ይዘረዝራል። በ2008 ዓ.ም. የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ሲወጣ አንቀጽ 10 ያንኑ ሐሳብ ከሞላ ጎደል እንዳለ ወስዶ ኮምፒውተር ጨመረበት። ሕግ አርቃቂዎቹ ባለጋቢውን አውቀውታል፤ አዲስ ሰው አልመሰላቸውም። በዚህ አደንቃቸዋለሁ።

የማላደንቀው ማስተማሪያችንን ነው። በየዓመቱ ጥቅምት የሳይበር ደህንነት ወር ይከበራል። አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ከረቫት ያሰሩ ሰዎች ስለ ቫይረስና ስለ ይለፍ ቃል ርዝመት ያወራሉ። ደግ ነገር ነው። መምህርቷ ግን አልተጠሩም፤ የጉሊት ነጋዴዋም አልተጠራችም። ለእነሱ የሚደርሰው «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚለው አጭር መልእክት ነው። አክስቴ ለጎረቤቶቿ «ወርቅ አትግዙ» አላለቻቸውም። ምን እንደተባለች፣ በማን ድምፅ እንደተባለች፣ የትኛው ቃል ላይ ልቧ እንደራራ ነገረቻቸው። ሌባው ሲመጣ አፉን ሲከፍት አወቁት። ለማንም አትስጡ የተባለ ሰው ግን ትእዛዝ እንጂ ሌባው የሚናገረውን አልሰማም።

ሌላም አለ፣ ትንሽ ያማል። ቀበሌ ሄደን «ሲስተም የለም፣ ነገ ና» ተብለን እንመለሳለን። ባንክ መስኮት ላይ ቀና ብሎ ሳያየን «ፎርሙን ሙላ» የሚለን አለ። ታዲያ ከመሥሪያ ቤት ነኝ ብሎ ደውሎ፣ ስማችንን እስከ አያት ጠርቶ፣ እናቴ አባቴ እያለ፣ እንዳንጉላላ የተጨነቀልን ሰው ስናገኝ ልባችን ቢቀልጥ ይገርማል? ከባለጉዳይ ጋር ጨዋ ሆኖ መነጋገርን ለአጭበርባሪዎች ትተንላቸዋል። አንድ ወዳጄ «ደዋዩ ካመናጨቀኝ እውነተኛ ነው፣ ካከበረኝ እዘጋዋለሁ» ይላል። ቀልዱን ነው፤ እስካሁን ግን ስልቱ አልከዳውም።

እኛም ብንሆን ተጠራጣሪ ነን ብለን እንኮራለን። ሰው ሲበላ «እንዴት ይሞኛሉ?» እንላለን፤ ፌስቡክ ላይ የተጭበረበረ ሰው ታሪኩን ሲጽፍ ከሥሩ የሚደረደረው አስተያየት ከሌባው ይልቅ የሚወርደው በባለታሪኩ ላይ ነው። የአክስቴም ጎረቤቶች ስቀው ነበር፤ ሆኖም ፊት ለፊቷ ተቀምጠው፣ ቡናዋን እየጠጡ፣ ከዚያም ዕቁቧን እስክትከፍል እያዋጡ ነው የሳቁት። የዛሬው ሳቅ መዋጮ የለውም። ስለዚህ የተበላ ሰው ዝም ይላል። የተማረው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ዝም ይላል፤ ዲግሪ ያለው ሰው ለፖሊስ ከማመልከት ብሩን መርሳት ይቀለዋል።

የመምህርቷ ልጅ ነገሩን የደረሰበት የመብራት ሊከፍልላቸው ስልካቸውን ሲከፍት ነው። ሂሳቡ ባዶ፣ ቀኑም ወራት ያለፈው። እኔ የሰማሁት ወዴት ማመልከት እንደሚሻል ሊጠይቀኝ ሲመጣ ነበር። አንድ ቀን በረንዳ ላይ አግኝቻቸው «እትዬ፣ ያን ጊዜውኑ ቢነግሩን ምናለ?» አልኳቸው።

«እኔ እኮ መምህር ነኝ» አሉኝ፣ ቆጣ ብለው። «ይህን ሕንፃ ሙሉ ልጅ ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው፣ ስልክ አንስቼ ስድስት ቁጥር ለሌባ አነበብኩለት ብዬ ለማን ልንገር?»

ከእሳቸው ሁለት ፎቅ በታች የሚኖሩት ሴትዮም ሌባው ለመምህርቷ በደወለበት ሳምንት ተደውሎላቸው እንደነበር በኋላ ተሰማ። ያው የለዘበ ድምፅ ነው፣ ያው «እንዳይጉላሉ ብዬ ነው»። እሳቸውም ለልጆቻቸው አልተናገሩም። ሁለቱ ሴቶች የአንድ ዕድር አባላት ናቸው፤ በዚያ ወር ስብሰባ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ድንኳን ኪራይ ሲከራከሩ ነበር።