አጥንቱ ከገጠመ ሰውየው ድኗል ማለት ነው?

ወዳጆቼ፣ የአንገት ቀዶ ሕክምና ሲነሳ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ታላቅ እህቴ ሰሞኑን ውሳኔ ላይ ስለሆነች የእኛም ቤት ወሬ ይኸው ነው። ዲስኳ ወደ እጇ የሚሄደውን ነርቭ ተጭኖታል። የቀረበላት ሕክምና ዲስኩን አውጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ድጋፍ ማስገባት፣ አጥንቶቹንም በታይታኒየምና በብሎን ማያያዝ ነው። «ይሳካል» ተብላለች። ግን ምኑ ነው የሚሳካው?

ራጅ ላይ ስኬት ማለት አጥንቱ መግጠሙ ነው። ለእህቴ ስኬት ጀበና ስታነሳ እጇ አለመደንዘዙ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

የአሜሪካንን ታሪክ እንይ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። «ኢንፊውዝ» የተባለው አጥንት አብቃይ ፕሮቲን በ2002 ለታችኛው ጀርባ ተፈቀደ። ሐኪሞች ላልተፈቀደለት አንገትም ተጠቀሙበት። አጥንት በማብቀል አልታማም። በ2008 ግን የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አስጠነቀቀ፦ እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች አንገት ላይ ሲውሉ ስለደረሰ ጉዳት በ4 ዓመት ቢያንስ 38 ሪፖርት ደርሶታል፤ ጉሮሯቸው አብጦ መተንፈስ ያቃታቸው ነበሩ። በ2012 ደግሞ የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ፣ አምራቹ ሜድትሮኒክ በጥናቶቹ ረቂቅና እርማት እጁን እንዳስገባ፣ ለጸሐፊዎቹ ሐኪሞችም በተለያየ መልኩ 210 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደከፈለ ገለጸ። ኩባንያው አስተባብሏል።

ሌላም አለ። የገጠመው ቦታ ስለማይታጠፍ ጎረቤቱ ዲስክ ጫናውን ይሸከማል ይባላል። በ1999 የታተመ፣ 374 ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት በ10 ዓመት ውስጥ ከአራት አንዱ ገደማ በጎረቤት አጥንት አዲስ ሕመም እንደሚገጥመው ገምቷል። ይህ የተሠራው ቀዶ ሕክምና ቢሳካም የሚመጣ ነገር ነው።

ማስፈራራቴ አይደለም። ሕብለ ሰረሰር ተጨፍልቆ መራመድ ሲያቅት፣ አደጋው መዘግየቱ ነው። ወደ እጅ የሚወርድ ሕመምም በዚህ ሕክምና በደንብ ይሻሻላል፤ አንገት ላይ ብቻ ያለ ሕመም ግን ያን ያህል አያስተማምንም።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሐኪሙን እንዲህ በሉት፦ የትኛው ሕመሜ ነው የሚቀንሰው? የሚገባው ዕቃ ስሙ ማን ነው፣ ለአንገት ተፈቅዷል ወይ? የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ዲስክ ለእኔ አይሆንም? ከሁለት ዓመት በኋላ ማን ያየኛል? ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። የሚቆጣ ከገጠማችሁ ሌላ ሐኪም አማክሩ።